የሌሊት ደቦ

ለዳሜ፣ አሞራ ገደል ዓሣ ስትበልት የኖረች፣
ለገዛ ሥጋዋ ቁራጭ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈቀደች፤
«ለኋላ ሰው ይሁን» አለችኝ፣ «ስሜን ግን አደራ» አለች።

ያችን ቁራጭ በሰም ቀበርኳት፣ ከጥፍር የማትበልጥ ጉዳይ፣
በምላጭ ስስ አድርጌ ላጥኳት፣ ብርሃን አልፏት እስኪታይ።
ቅኔ ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ሃያ ዓመት ሰም አቀለጥኩ፣
ወርቁን ግን በአንድ መሳቢያ ብቻዬን ስፈልግ ባከንኩ።

አንድ መሳቢያ ምን ያወራል?
አንድ ከተማስ ስንት ሕመም ያውቃል?

ማታ ተማሪው ሲወጣ፣ ክፍሉ በተዘጋ ሰዓት፣
ሥራ የፈቱት ኮምፒውተሮች ደቦ ይወጣሉ በሌሊት፤
የአዳማው ከጅማው ጋር፣ የጎንደሩ ከእኛ ጋራ፣
አንዱ የዘራውን ስሌት ሌላው እያረመ በተራ።
ጠላ የለ፣ ሆታ የለ፣ ማራገቢያ ብቻ ያፏጫል፤
እኛ ጋ መብራት ቢጠፋ እርፉን ሌላው ይጨብጣል።

ስም ከሐዋሳ አይወጣም። የሚሄደው ቁጥር ነው፦
አራት መቶ አሥራ ሰባት።
ረቡዕ ሊነጋጋ ሲል አዳማ አምሳያዋን አገኙላት።
የማን ነው? የሹፌር? የመምህር? አላውቅም፣ እነሱም አይነግሩኝ፤
ያው ግድፈት፣ በያው ፊደል ላይ፣
ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ታዩኝ።

ጧት ወደ ሐይቁ ወረድኩ። መደቡ ላይ ልጇ ናት፤
ቢላዋው የእናቷ ነው፣ የእጇም ፍጥነት የእናት።
«ስንት ላድርግልህ?» አለች።
«እናትሽ…» ብዬ ጀመርኩና አደራው ጉሮሮዬን ያዘኝ፤
«ሁለት ኪሎ» አልኳት።
መዝና ስትጨርስ፣ አንድ ቆሮሶ
ለምርቃት ጨመረችልኝ።