ባቡር ዳገት አይወድም

ሐኪሙ ለዴኦሊንዳ «ዳገት እርምሽ ነው» አላት፤
ልቧን በጆሮው አድምጦ፣ ወረቀት ጽፎ ሰጣት።
እሷ ግን ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ጎማ ሰፊ ብስክሌቷን
ከጋራዤ አውጥታ፣ እያጠበቀች የራስ ቁሯን፣
«ና እንውጣ» ትለኛለች፣ በአገጯ ተራራውን ጠቁማ፤
(ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ሠላሳ አልሞላኝም እኔማ።)

«ባቡር ዳገት አይወድም፤ ይህን ሐኪም መቼ ያውቃል?
ከመቶ ሜትር ሁለት ሜትር፣ ከዚያ ካለፈ ጉልበቱ ያልቃል።
መሐንዲሶቹም ስለዚህ ተራራውን ሲለማመጡ፣
እንደ አማት ቤት እያከበሩት በጎን በጎኑ ሲወጡ፣
ለዚያ ደካማ ሞተር፣ ከሰል በልቶ ለሚያስለው፣
ያበጁት መንገድ ይኸው፣ ለኔ ልብ ልክ የሆነው።»

ሐዲዱ ከተነቀለ ዕድሜው ከኔ ይበልጣል፤
ብረቱ በኪሎ ተሽጧል፤
እንጨቱ አጥር ሆኖ አጋድሏል።
የቀረው ጠጠር ብቻ ነው፣
ጎማ ሥር እንደ ቆሎ የሚታኘከው።
ድምፁን ወድጄዋለሁ፤
አስፋልት ላይ ዝም ብዬ የማልፍ ሰው፣ እዚህ እየቆረጠምኩ እሄዳለሁ።

ከአማራንቴ ስንነሳ ታሜጋ ከታች፣ ከግራ፣
አረንጓዴ ውሃውን አዝሎ ቋጥኝ ለቋጥኝ ሲንጠራራ፤
ወይኑ በየእርከኑ ሆኖ
እስከ ተራራው አናት እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ።
ወንዙ በታጠፈ ቁጥር መንገዱም አብሮት ይታጠፋል፤
ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፤
አንዱ ያነሳውን ወሬ አንዱ ተቀብሎ ያሳልፋል።

ከዋሻው አፍ ስንደርስ መነጽሯን ታወልቃለች።
«ጭንቅላትህን ዝቅ አድርግ» ሁልጊዜም ትለኛለች።
አባቷ ይላት ነበር እንጂ ጣሪያውስ የትና የት ነው፣
ከፉርጎ መስኮት አንገቷን ልጅ ሆና ብቅ ስታደርገው።
የዚህ አገር ሐምሌ በጋ ነው፤ ዋሻው ግን አልሰማም ገና፤
ከአለቱ ሥር ሸሽጎ ይዟል ዕፍኝ የማይሞላ ደመና።
ጠብታ አንገቴ ላይ ያርፋል። መብራቴ ግድግዳውን ሲዳብስ
ጥላሸቱ ዛሬም አለ፤ ጣት የሚበክል፣ የትናንት ጭስ።
ያ ባቡር ሞቶ፣ ተሽጦ፣
ትንፋሹ ቀርቷል እዚህ፣ ከድንጋይ ላይ አፍጦ።

ፎንቴ ፍሪያ ጣቢያ ላይ ውሃ ለመጠጣት እንቆማለን።
በሰማያዊ ሸክላ ከተጻፈው ስሙ ሁለት ፊደል ረግፏል፤
ሞልተን እናነባለን።
አባቷ ሴራፊም እዚህ ነበር የማቋረጫው ዘበኛ፤
ሰንሰለት ዘርግቶ በግ፣ ጋሪ፣ ሙሽራ፣
አስከሬን ሳይቀር የሚያስቆም ዳኛ።
ባቡሩ ከቀረ በኋላም፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣
ዐሥር ሰዓት ከሩብ ሲል ባንዲራውን ይዞ ይወጣ ነበር አሉ።
ሰንሰለቱን ይዘረጋል። መንገዱ ላይ ማንም የለም።
ትንሽ ይጠብቃል። ያነሳል። ይገባል። ምንም አይልም።

«ዕብድ ነበር?» አልኳት አንድ ቀን፣
ልጅነቴ ቀድሞኝ፣ ሳልመዝን ቃሉን።
ብርቱካን እየላጠች ነበር። ግማሹን ሰጠችኝ።
ጣቷን በሱሪዋ ጠርጋ፣ ቆይታ ነው የመለሰችልኝ፦
«አንተ የምታየው ባዶ መንገድ ነው፤ እሱ ሰዎቹን ነው የሚጠብቀው።
'ድንገት ቢመጣስ' ብሎ፣ ሰው እንዳይሞትበት ነው።»

ከጣቢያው አለፍ ሲል የትራክተር መንገድ ያቋርጣል፤
የሰንሰለቱ ምሰሶ ዝጓል፤ እንሽላሊት ላዩ ይቀመጣል።
እዚህ ጋ ስደርስ ፍጥነት መጨመር ነበር አመሌ፤
መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ጉልበቴን መፈተሻ ዕድሌ።
ባለፈው ማክሰኞ ግን ወረደች።
ክንዷን ደረቴ ላይ ዘረጋችው፣ እንደ ሰንሰለት።
ግራ የለም። ቀኝ የለም። ፌንጣ ብቻ፣ ከወይኑ መሐል፤
ሙቀት ያስተኛው ከሰዓት።
ልጠይቃት አፌን ከፍቼ ተውኩት።
አንድ እግሬ ፔዳሉ ላይ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ፤
የገዛ ልቤን ሰማሁት።
ሰዓቴ ዐሥር ከሩብ ይላል፤
ከታች ወንዙ ብቻውን ያወራል።

ከዚያ ክንዷን አወረደች።
ፔዳሏን በእግሯ ፈልጋ፣ የራስ ቁሯን አስተካክላ፣
«አልፏል» አለች። «ንዳ።»