ይጠብቃል

ሺንቹን ነፋስ ነው የቆረቆራት፣
መስከረም ሲጠባ መጥቶ የሚቆጣጠራት።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ቤተ ሙከራው፣ አራተኛ ፎቅ፣
ማራገቢያው ሲያጓራ፣ አረንጓዴ መብራት ስጠብቅ፣
አይበራም።

አራት ክር ነው፣ ከፀጉር የቀጠነ መስታወት፤
አንዱን ቃል ለአራት ገምሰው የተካፈሉት።
ላኪው ዓረፍተ ነገሩን ቆራርሶ ያድላል፣
ተቀባዩም ማዶ ቆሞ፣ መርፌውን ይዞ ይሰፋል።
እንዳይጠፋፉ ብሎ በየመሐሉ ምልክት ያስራል፦
«እኔ አንደኛው ነኝ»፣ «እኔ አራተኛው ነኝ» ያሰኛል።
አራቱ ምልክቶች ጎን ለጎን ከቆሙ
ቃሉም ቃል ይሆናል፣ ይገጥማል ትርጉሙ።

አንደኛው ደረሰ። ሁለተኛው ተከተለው። አራተኛው እግር በእግር።
ሦስተኛው የለም።
የደረሱት ሦስቱ ጥቂት ቆመው፣ ቆመው፣
ኋላ የመጣው ገፍቷቸው፣ ማደሪያው ጠቧቸው፣
ወደቁ።
ሦስተኛው ሲገባ ቤቱ ባዶ ነበር።

ሰደብኩት። አልዋሽም። ሰነፍ አልኩት፣ ጎታታ።
ገመዱን ነቅዬ ሌላ ሰካሁ፣
ጫፉን በአልኮል ወለወልኩ፣ ሌዘሩን ለወጥኩ፣
አጠፋሁ፣ አበራሁ፣
ያው ቀይ።
መቶ ሃምሳ ናኖ ሰከንድ! ዓይን ሊረግብ ሲያስብ እንኳ የማይሞላት ጊዜ፣
ሌሊቱን በሙሉ ሆነችብኝ አባዜ።

ሽማግሌው ፋን ጂን-ሁዎ መጣ፣ ቴርሞሱን አንግቶ፤
ሠላሳ ዓመት በሰሌዳ ላይ የመዳብ መንገድ ሠርቶ፣
ለራቀው ቀጥታ፣ ለቀረበው ጠመዝማዛ የሰጠ፣
እኩል እንዲደርሱ ብሎ ከአጭሩ ላይ ፍጥነት የቆረጠ።
አልጠየቀኝም። ሦስተኛውን ክር በጣቱ እየዳሰሰ
ከመደርደሪያው ጀርባ፣ በጣሪያው መሰላል አድርጎ
እስከ ጥግ ድረስ ሄደ። እዚያ ተጠቅልሎ ተኝቷል፣
ሠላሳ ሜትር ትርፍ።
ሰኞ ዕለት ስጣደፍ ራሴው የጠቀለልኩት፣
ማክሰኞ ራሴው የረሳሁት።
«ዩ-ቺ» አለኝ፣ «መንገዱ ነው እንጂ እግሩ አልደከመም፤
እሱም እንደነሱ ሮጧል። ብርሃን አይለግምም።»

ልቆርጠው ስል እጄን ያዘ።
«ደንበኛሽ ቤትም እንዲህ ያለ ጥግ አይጠፋም።
ይልቅ ንገሪኝ፣ ቀድመው የደረሱት የት ይቆያሉ?»

የት ይቆያሉ።
የመጠበቂያውን ክፍል ያጠበብኩት እኔ ነኝ፣
ሲሊከን ውድ ነው፣ ቦታ ይተርፋል ብዬ፣
አለቃዬ አሞግሶኝ፣ እኔም አምኜው።
ለእያንዳንዱ ስምንት ወንበር።
ሠላሳ ሁለት አደረግኩት። አንዲት ቁጥር።

ፕሮግራሙ ተሠርቶ እስኪያልቅ ሦስት ሰዓት ይፈጃል።
ፋን ትኩስ ውሃ ቀዳልኝ፣ ምንም የሌለበት ውሃ።
አባቴ የሩዝ ክር ሠሪ ነበር፤ ይህንኑ ነፋስ አምኖ
በቀርከሃ ርብራብ ላይ እየዘረጋ የሚያደርቅ።
ጠርዝ ጠርዙ ይቀድማል፣ መሐሉ ይዘገያል።
የደረቀውን ወደ ጥላ ይስባል እንጂ
እርጥቡን ፀሐይ ላይ አይጥለውም ነበር።
ለምን? አልኩት፣ ቁመቴ ከርብራቡ ሳይበልጥ።
«የቸኮለ ክር ድስት ውስጥ ይሰበራል።»
ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኩትም። አሁን ደግሞ አይሰማም፤
ስደውልለት ስሜን ለማውጣት ይታገላል፣
እኔም ዝምታውን ሳልችለው ቀድሜ እዘጋለሁ።

ሊነጋጋ ሲል
አንደኛው ደረሰ፣ ቆመ።
ሁለተኛው ቆመ። አራተኛው ቆመ።
ሦስተኛው ጥጉን ዞሮ፣ ሠላሳ ሜትሩን ጨርሶ፣ ገባ፤
አልተሳደበም ማንም።
አረንጓዴ።

ፋን አንቀላፍቷል፣ ቴርሞሱን ታቅፎ። አልቀሰቀስኩትም።
ስልኬን አነሳሁ። ጠራ። ጠራ። ተነሳ።
ትንፋሽ ብቻ።
ሠላሳ ሁለት ወንበር ዘርግቼ ተቀመጥኩ።

በመዝገቡ ግርጌ የጻፍኩት ይኸው ነው፦ መስመሩ ይጠብቃል።
ላልቶ ቢነበብ ገመድ ነው፣
ጠብቆ ቢነበብ ሰው።