ሕግ ቁጥር ሰባት

ቀበሌ ሄጄ ነበር፣ መታወቂያ ላሳድስ፤
ጸሐፊው ጠየቀኝ፣ እስክሪብቶውን ሲያነሳ ሲመልስ።
«ሥራ?»
«ጨዋታ።»
«ቀልዱን ተይውና… የምትሠሪው ሥራ?»
«ጨዋታ ነው ሥራዬ። ሰሌዳ እሥላለሁ፣
ሕግ አወጣለሁ፣ ካርቶን እቆርጣለሁ።»
ቀና ብሎ አየኝ። ሕግ የሚያወጣ ሰው
መንግሥት ብቻ ነበር እስከዛሬ የሚያውቀው።
«የግል» ብሎ ጻፈው።

ክፍሌ ፒያሳ ነው፣ ከማተሚያ ቤት በላይ፤
ጠዋት ማሽኑ ሲነሳ፣ ጠረጴዛዬ ላይ
ቆርኪዎቹ ሁሉ ይሄዳሉ በገዛ እግራቸው፣
ተራቸው ሳይደርስ፣ ዳይስ ሳይጣልላቸው።

ጨዋታው እንዲህ ነው፦ አራት ወያላ አለ፤
ሞልቶ ቀድሞ የደረሰ፣ እሱ አሸነፈ ተባለ።
የትራፊክ ካርታ አለው፣ የፈነዳ ጎማም አለው፣
ቸርችል ዳገቱ ላይ ሞተር የጋለበት ሁለት ተራ የሚያልፈው።
ሕግ ቁጥር ሰባት ግን ሦስት ወር በላኝ።
«ዝርዝር የሌለው ይቁም» አልኩ፤ ጨዋታው ሞተ፣ ሰው አዛጋ።
«ከጎረቤት ይበደር» አልኩ፤ ሰው ተጣላ፣ ጠረጴዛው ተናጋ።

ጠዋት ካርቶን ልመና ነው፣ ጫማ ቤቶቹን በተራ፤
ከሰዓት ቁጥር ነው፤ ዳይስ መቶ ጊዜ ስጥል፣ ስቆጥር፣ ስጠራጠር ከስድስት ጋራ።
አራት ሰው ሆኜ ብቻዬን እጫወታለሁ፣
ራሴን አሸንፌ በራሴ እናደዳለሁ።
እናቴ ስትደውል «በላሽ?» ትላለች፤
ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ያ ነገር ተሸጠ?» ትላለች።
ያ ነገር። እንደ በሽታ፣ ስሙን አትጠራውም።

ሐሙስ ማታ ማሽኑ ሲያርፍ ፈታኞቼ ይመጣሉ፤
አቶ ገብረየስ ቀለሙን ከጣታቸው ሳያስለቅቁ ደረጃውን ይወጣሉ፣
ከኋላቸው የልጅ ልጃቸው ሐሴት፣ ደብተሯን አቅፋ፤
መጨረሻ ሙራድ፣ መኪና አስረክቦ፣ ድምፁ ጠፍቶ፣ ፊቱ ላይ አቧራ ተነጥፋ።
ሙራድ የእውነት ወያላ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት በር ላይ ቆሟል፤
በኔ ሰሌዳ ግን ሁሌ ይሸነፋል፣
ስለዚህ ይሰርቃል።
ዳይሱን በክርኑ ሲገለብጥ አይቼ ዝም የምለው
ቀዳዳዬን የሚያሳየኝ የሱ እጅ ስለሆነ ነው።

ሐሴት ከማካፈል ሂሳቧ ቀና አለች።
«ትርሲት፣ ይቺ ሽምብራ ማናት?»
«ተሳፋሪ ናት።»
«ማን ነው የሚጫወትላት?»
«ማንም። ትጫናለች፣ ትራገፋለች። ለወያላው ነጥብ ናት።»
«እሷን ልሁን?»
ሙራድ ሳቀ። «ሽምብራ ዳይስ አትጥልም» አለ።
ታክሲው ከለገሃር ወጣ፣ ብሔራዊ ጋ ሳይደርስ፣
ልጅቷ ጠረጴዛውን በእርሳስ መታችው፦
«ወራጅ አለ!»

ዝም አልን።
ፌርማታ አይደለም፣ ካርታ አላዘዘም፣
እዚያ ቦታ መውረድ በሕጌ ውስጥ የለም።
«መልሴንም» አለች፣ መዳፏን ዘርግታ።
የሙራድ እጅ ታዲያ፣ ከራሱ ቀድሞ፣
ኪሱ ገብቶ ወጣ፤
ከወረቀት ገንዘቤ መሃል ጠረጴዛው ላይ
እውነተኛ አንድ ብር መጣ።
አቶ ገብረየስ መነጽራቸውን አወለቁ፤
ያን ሳቅ ሲስቁ ከዚያ በፊት አላየኋቸውም።

ሌሊቱን መብራት ሄደ። በስልኬ ብርሃን
አርባ ሽምብራ ቆጠርኩ።
አርባ መውረጃ ልጽፍላቸው ነው። አንዷ ጥቁር አንበሳ፣
ለታመመ እህቷ ምሳ ይዛለች፤
አንዷ ካዛንቺስ ነው ያለችው፣ ሰፈሯ የነበረበት ስትደርስ ግራ ገብቷት ታልፋለች፤
አንዷ የትም አትሄድም፣ ዝናቡን ሸሽታ ነው የተሳፈረች።
ሕግ ቁጥር ሰባትን ሰረዝኩት፣ ለስምንተኛ ጊዜ፣ ጻፍኩት፦
«ሽምብራ በፈለገችበት ትወርዳለች።»
ስንት ነገር እንደሚያፈርስብኝ አውቃለሁ።
ነጥቡ፣ ተራው፣ የካርታው ቁጥር፣ ሁሉም ከሀ ነው።

ጠዋት ማሽኑ ተነሳ፤ ቆርኪዎቹ ተንቀሳቀሱ፤
አንዷ ሽምብራ ግን በጠረጴዛው ጠርዝ
ተንከባላ ወረደች፣
መልሷን ሳትቀበል።
አልጋ ሥር ገብቼ እየፈለግኳት ነው።