ሲደመር አንድ

ዜሮ አለኝ።
በአረንጓዴው ሳጥን ጥግ፣
እንደ ደረቀ ቧንቧ አፍ ክብ፦ ዜሮ።
ከለገሃሬ ሰፈር፣ ቆጣሪው የቆመበት፣
ውሃ ከጠፋም ሦስት ወር ያለፈበት
ቤት ስንት ነው ብዬ ብጠይቀው።

በመስኮቴ ስር ግን ቢጫ ጀሪካን በጋሪ
ይንገጫገጫል፤ ኢፍቱ ናት፣ የጎረቤቴ ልጅ፤
የምትገፋው ዜሮ አይደለም፣
ሃያ ሊትር ነው፣ ሲባዛ በስድስት።

ነገ ጠዋት ቦቴው ይመደባል።
ኢንጂነር ሰሚራ «ቁጥር አምጣ» ብላለች፣
«በቁጥር የሌለ ሰፈር በቦቴም የለም።»
ቬንትሌተሩ የድሬን ሙቀት ከጥግ ጥግ ያመላልሳል፤
እኔ በሽርጥ ቁጭ ብዬ
ቀመሩን እንደ ተጠርጣሪ መመርመር ያዝኩ።

ሦስቱን መስፈርት ለያየኋቸው።
«ለገሃሬ» ብቻውን፦ አርባ አንድ። ጉድ ነው።
«የቆመ» ብቻውን፦ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት። ይሁን።
«ከሦስት በላይ» ብቻውን፦ ዜሮ።
ያዝኩህ!

ዓምዱን ባየው ቁጥሮቹ ሁሉ ግራውን ተደግፈዋል፤
ቁጥር ቀኙን ይይዛል፣ ግራውን የሚይዝ ፊደል ነው።
አራት ይመስላል እንጂ አራት አይደለም፣
የአራት ፎቶግራፍ ነው፤
የዳቦ ፎቶግራፍ ማንን አጥግቦ ያውቃል?
ወደ ቁጥርነት መለስኳቸው፤ ወደ ቀኝ ተንሸራተቱ፤
ዜሮውም ተሰበረ፦ ሃያ ዘጠኝ።

ሃያ ዘጠኝ! የእነ ኢፍቱ ግቢ ብቻ አሥራ አንድ ቤት አለው።

እንግዲህ ወደ ፊደሉ።
ትርሲት የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ናት፣ በብዙኃኑ ኀ «ለገኃሬ» ብላለች፤
ሐናን የስሟን ፊደል ሳትሰስት ሰጥታ «ለገሐሬ»፤
አብዲሰላም በሃሌታው፣ ቸኩሎ፣ «ለገሀሬ»፤
አራተኛው እኔ ነኝ፣ ጠያቂው፣ አፌን ከፍቼ «ሃ» ያልኩ።
የባጃጅ ነጂ አንዴ ቢጠራው አራታችንም እንወርዳለን፤
ማሽኑ ግን ጆሮ የለውም፣ ዓይን ብቻ፤
አንዱን ሰፈር አራት አገር አደረገው።

«የቆመ»ም ቢሆን አንዳንዱ
ከኋላው ባዶ ቦታ አስከትሏል፤
አይታይ፣ አይነበብ፣
ቧንቧችንን ከውስጥ እንደሚያንቀው ነጭ ኖራ።
ጠረግኩት።
ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፦ መቶ ሰማንያ ስድስት።

ልተኛ ነበር።
ግን የአፎሻው ገንዘብ ሰብሳቢ እኔ ነኝ፣
በሩን ሁሉ በእጄ አንኳኩቼዋለሁ፤
በሐሳቤ ብዞር መቶ ሰማንያ ሰባት።
ደገምኩ። ሰባት።
መስመር በመስመር ወረድኩ፣ እስከ አራት መቶ ሦስተኛው፦
አው ዩያ። ለገሃሬ። ቆጣሪው የቆመ።
በወሩ ዓምድ ግን ቁጥር የለም፤
ትርሲት የሽማግሌውን ቃል እንዳለ ጽፋዋለች፦
«ባለቤቴን ለቀብር ካጠቡበት ቀን ወዲህ አልመጣም።»

ይህ ከሦስት ይበልጣል? ያንሳል?
ቀመሩ ዝም አለ፣ እኔም።
አምስት ብዬ ልተካው ጣቴን ዘረጋሁ፣
እጄ እምቢ አለኝ።

ዓረፍተ ነገሩን እዚያው ተውኩት፤
በቀመሩ ጫፍ፣ ከቅንፉ ውጭ፣
ሲደመር አንድ ብዬ ጻፍኩ።

ጠዋት ሰሚራ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ
«ይሄ አንድ ደግሞ ምንድን ነው?» ትለኛለች።
መልስ አላዘጋጀሁም።
ቤቱን ግን አሳያታለሁ፦
ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር፣
የደረቀው ቧንቧ አፍ ላይ ጨርቅ የታሰረበት።