ወራጅ

ሦስት ዓመት ሞላህ፣ ኖላዊ፣ አፍህን ሳትፈታ።
መካሪው በዛ፦ «ወንድ ልጅ ይቆያል»፣
«አባቱም እንዲያ ነበር»፤
እኔ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ አዝዬህ
ጥቁር አንበሳ ጓሮ ደረጃ ስቆጥር።

ዘቢደር ከመስታወት ፊት ታስቀምጥሃለች፤
ከንፈሯን ገጥማ፣ ፈልቀቅ፣
«ማ»፣ ደግማ «ባ» ትላለች።
አንተ መስታወቱን ትልሳለህ።

«ትን እንዳይለው ቀጥ ይበል፤ ማንኪያው ግማሽ ይሁን፤
እስኪውጥ ጠብቂ።
ስትጠብቂም ዝም አትበዪ፤ አዋሪው።»
በካርዱ ጀርባ ጻፍኩት።
ስለ ገንፎው፣ ስለ ጎረቤት ድመት፣
ስለ ቤት ኪራይ ሳይቀር
ሳወራህ ከረምኩ፤
አንተ ስትውጥ፣ ስትተፋ፣ ስታየኝ።

ዛሬ ስንመለስ፣ በፒያሳው ታክሲ፣
ፖስታ ቤቱን እንዳለፍን፣
ሦስት ሰው በተጠጋጋበት ወንበር
ከጭኔ ላይ ድንገት፣ ማንም ሳያስጠናህ፣
«...ራጅ!» አልክ።

ረዳቱ አላመነታም፤
በሩን በመዳፉ መታ፦ «ወራጅ አለ!»
ታክሲው ጥጉን ያዘ።

መውረጃችን አልነበረም።
አቀበቱ ገና ፊታችን ተገትሯል፤
ሰማዩም ጠቁሯል፤ ጃንጥላም አልያዝኩ።
«እናት፣ አትወርጂም እንዴ?» አለ ረዳቱ።

እንዴት አልወርድም?
ልጄ ተናግሮ፣
መኪና ቆሞለት።

ወረድን።