በላች፣ አልጮኸችም

ኤፍራታ ናት ያመጣቻት፣ በሐምሌ ዶፍ፣ በባጃጅ፤
ጆንያ ታቅፋ አየኋት ከብሎካችን ከታች ደጅ።
«ለሁለት ሳምንት ነው እትዬ፣ ቤት እስካገኝላት ድረስ፣
ይያዙልኝ በአደራ» አለች፣ ጆንያው ውስጥ አንዱ ሲያነጥስ።
ዘሯ «ስፓኒየል» ነው ብትል፣ የመድኃኒት ስም መሰለኝ፤
እሺም እንቢም አላልኩም፤ ዝናቡ ነው ያስገባብኝ።

ሁለት ጊዜ ባጥባት ጭቃ፣ በሦስተኛው መልክ ወጣ፤
ጀርባዋ የገብስ ቆሎ፣
ሆዷ ላይ ግን የላላ ጡት፣ የስንት ቡችላ ጣጣ።
ገላን ነው አሉ የኖረችው፣ ከአንድ ግቢ ቆርቆሮ ሥር፣
ልጆቿ ዓይን ሳይከፍቱ ዋጋ ሲቆረጥ በብር።
ማኅፀኗ የደከመ 'ለት፣ ድንጋይ መፍለጫው መንገድ ላይ
ጥለዋት ሄዱ፤ እዚያው ቆየች፣ አንድ የሲኖ ሹፌር እስኪያይ።

ጆሮዋ ረጅም ነው፤ ሾርባ ውስጥ ከአፏ ቀድሞ ይገባል፤
በፀጉር ላስቲክ ከላይ ሳስረው የሚዜ ሹሩባ ይመስላል።
ፍልሰታ ገባና ደግሞ ሥጋ ቤቱ ዘግቶ ሄደ፤
ሱልጣን፣ የእሱ ጾም ሌላ ነው፣ ሳንባ በፌስታል ሰደደ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የመስከረም ዩኒፎርም ደርሶብኛል፤
እሷ ፔዳሉ ሥር ተኝታ፣ እግሬ ማረፊያ ጠፍቶኛል።
ሱሪው ሁሉ ፀጉር ለበሰ፤ አንዷ እናት «ምንድነው?» አለች፤
«ሱፍ የተቀላቀለበት ነው» አልኳት። ዝም ብላ ከፈለች።

አቶ ሽብሩ ከኮሚቴው ደብተር ይዘው መጡ ማታ፤
«ወይዘሮ ዘርፌሽዋል፣ ደንብ አለ፤ ከጮኸች የለም ይቅርታ።»
እሷ ጫማቸውን ላሰች።

ለሊት ለሊት ጅብ ይመጣል፣ ከኮዬ ማዶ፣ ከጉድባው፤
የመንገዱ ውሻ ሲያብድ፣ ፎቅ ከፎቅ ሲቀባበለው፣
እሷ አልጋዬ ሥር ገብታ ትንቀጠቀጣለች፤ ድምፅ የለም፤
በዕድሜዋ ጮኻ ያተረፈችው ያለ አይመስለኝም፣ ምንም።
ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ይኼው በላች፤
ሳንባ በላች፣ እንቁላል በላች፣ አንድ ኮሌታም ጨመረች።
አልጮኸችም።

ስም አላወጣሁላትም። በኛ አገር የውሻ ስም ነገር አለው፤
አባቴ ውሻውን «ምን ቀረኝ» ያለው አጎቴ እንዲሰማው ነው።
እኔ ለማን ልናገር? «ነይ» እላለሁ፣ ትመጣለች፤
«ነይ» ስሟ መስሏት መሰለኝ፣ ጆሮዋን ታነሣለች።

ይደውላሉ። «ዘሯ ንጹሕ ነው?» «ትወልዳለች?» «ዋጋው ስንት ነው?»
«መክናለች» ስትል ኤፍራታ፣ ከዚያ ወዲያ ዝምታ ነው።
ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ እኔም ቤት ገብቶ ያውቃል፤
ሻንጣ ቆልፎ ሲወጣ፣ በሩን እንኳ በቀስታ ይዘጋል።

ዛሬ እሑድ አንድ ቪትዝ መጣ፣ ከሱሉልታ፣ ባልና ሚስት፤
ኋላ ወንበር ላይ ልጅ አለች፣ ስድስት ይሆናት ወይ ሰባት።
ግቢ አላቸው፣ ሣር አላቸው። ስለ መውለድ አልጠየቁኝ፤
ጥሩ ሰዎች ናቸው። እሱ ነው የከፋኝ።

ልጅቷ ወርዳ ብስኩት ዘረጋች፤ ማንም ሳይነግራት «ነይ» አለች።
ውሻዋ እሷን አየች፣ እኔን አየች፤
ላስቲኩን በእጄ እንደያዝኩ፣ በሩ ላይ እንደቆምኩ፣
ጮኸች።
አንዴ ብቻ። ደንግጣ ድምፁ ከየት እንደመጣ ዞራ ፈለገች።

ከሦስተኛ ፎቅ አንድ መስኮት ተከፈተ፤ አቶ ሽብሩ።
ልጅቷ እጇን አላጠፈችም፤ ክፍት ነው የመኪናው በሩ።
የኔም።