እሺ ከሺ

እሑድ፣ ሰኔ ሃያ ስምንት፤ ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና፣
ጫማ አዳሹ አርጊሪስ መዶሻውን አኖረና
የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገው፤
የራሱ ድምፅ የለው።
አቴና ላይ ወረቀት ይቆጠራል፤
አርባ ዓመት እዚህ የሰነበተ እጅ
እዚያ ሣጥን ድረስ እንዴት ይረዝማል?

ሒሳቡን የምይዝለት እኔ ነኝ። በወር አንዴ
ካርቶኑን ይገለብጥልኛል፤
የሶል፣ የማስቲሽ፣ የክር፣ የመብራት፣ የቤት ኪራይ።
"ኡባሌም፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ የቱ ጋ ነኝ?" ይለኛል።
ስሜ ውባለም ነው። አላረምኩትም።

ጥያቄው ረጅም ነው፤ በአበዳሪ ቋንቋ የተጻፈ፣
ተበዳሪ ሳይገባው ከእጁ ያለፈ።
ከግርጌው ሁለት ቤት አለ፤ እምቢ ከላይ፣ እሺ ከታች።
"ባንቺ ቋንቋ 'ኔ' ምን ይባላል?" አለኝ።
"እሺ" አልኩት። "ተረትም አለን፤
እሺ ይበልጣል ከሺ።"
ምስማሩን ከከንፈሩ አወጣ፤
"ስንት ሺ?"

ከመሳቢያው የድሮ ድራክማ መዘዘ፤
ብሎን ነው የሚፈታበት።
"ከዩሮ ከወጣን ይኼ ገንዘብ ይሆናል" አለና
ወዲያና ወዲህ አገላበጠው።
"ብሎኑን ግን በምን ልፈታው?"

እህቱ ኤቭዶክያ ቮሎስ ላይ ከባንክ ደጅ ከርማለች፤
በቀን ስድሳ ዩሮ፣ ያውም ማሽኑ ከሰጠ።
ሃያው አልቆ ሃምሳ ብቻ፤ አሥሯ የማን ዕዳ እንደሆነች
የሚያውቅ የለም።
ደወለላት። "እምቢ አልኩ" አለችው፣
"ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ።"

በዚያው ማታ፣ ከሱቁ ሦስት በር አልፎ፣
ዕቁባችን ተሰበሰበ። ሃያ ሦስት ነን፤ ጸሐፊዋ እኔ።
ደርበው በመጀመሪያው ዙር ዕጣ ወጥቶለት
ታክሲ ገዛ፤ ታክሲው ተጋጨ፤
አራት ዙር ሳይጥል ቀረ።
ዋሱ ምንትዋብ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨብጣለች።
"ይማር ወይስ ይውጣ?" አሉ ዳኛው።
አንዱ "ዕዳ ከሜዳ!" አለ፤
ሌላው "ሕግ ሕግ ነው፤
ዛሬ እሱን ከማርን፣ ነገ ማንን ልንከለክል?"
ደርበው በሩ ጋ ቆሞ ኮፍያውን ያሽከረክራል፣
መሪ እንደያዘ ሰው።

ያን ማታ የአበዳሪን ፊት አየሁት።
ብዙ ሰው ክፉ ነው ይለዋል፤
እኔ ያየሁት የደከመው ነበር፣
ሒሳብ የሚወድ፣ ቶሎ ቤቱ መግባት የፈለገ፤
ከመስኮቱ መስታወት ላይ፣
የኔው ፊት።

ወረቀት አደልኩ፤ ሰብስቤም ቆጠርኩ።
ይማር፣ አሥራ ሁለት።
ይውጣ፣ ዘጠኝ።
አንዷ ባዶ።
ባዶዋ የኔ ነበረች።
አርጊሪስ ድምፅ አጥቶ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የዋለ፣
እኔ ድምፄን ይዤ ዝም አልኩ።

በሳምንቱ ሰኞ ካርቶኑን ልወስድ ገባሁ።
ከመቶው ስድሳ አንዱ እምቢ ያለ አገር፣
ሹማምንቱ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጠው፣
ማለዳ ላይ እሺ ብለው ተነሥተዋል።
አርጊሪስ ይቆጣል ብዬ ነበር፤
ተረከዝ እየላገ "ያቺ ተረታችሁ" አለኝ፤
"ስንት ሺ እንደሆነ ታወቀ፤
ሰማንያ ስድስት ሺ።
ሚሊዮኑን አንቺ ጨምሪበት።"

ማክሰኞ ደርበው መጣ፤
መቶ ሃያ ዶላር፣ ገሚሱ ሳንቲም፣ በፕላስቲክ ከረጢት።
ደረሰኙን ስጽፍለት ጎንበስ ብሎ ጠየቀኝ፤
"ባዶዋ ወረቀት የማን ነበረች?"
"እኔ እንጃ" አልኩት፤
ሳንቲሙንም እንደገና ከአንድ ጀምሬ ቆጠርኩት።